ሞተሩ የት ይቁም? ስለ ኤልክ አደንና ስለ ባለአራት ጎማ ሞተር የቀረቡ የአንባቢያን ጥያቄዎች

የአደን ወቅት በቀረበ ቁጥር ለዚህ አምድ የሚደርሱት ደብዳቤዎች መልካቸውን ይለውጣሉ። በኮሎራዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ በተለይም በአውሮራና በዴንቨር አካባቢ ያሉት፣ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ሮኪ ተራሮች መውጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። ከአጋዘን ወገን የሆነው ግዙፉ ኤልክ በዚህች ግዛት የሚገኝበት ቁጥር ከሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ይበልጣል፤ አንድ እንስሳ ከተገኘም የአንድን ቤተሰብ ማቀዝቀዣ ለክረምቱ ይሞላል። ዘንድሮ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት ግን በእንስሳው ላይ ሳይሆን በተለምዶ ኤቲቪ በሚባለው ባለአራት ጎማ ሞተር ላይ ስለሆነ፣ ይህን ዕትም ለእርሱ ለይተነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአዳኝነት ትምህርቱን ጨርሼ ለመጀመሪያ ጊዜ የኤልክ አደን ፈቃድ አግኝቻለሁ። አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ባለአራት ጎማ ሞተር አላቸው። ዕቅዳቸው በደን መንገዶቹ ላይ ቀስ እያልን ስንዞር ውለን፣ ኤልክ ስናይ ወርደን መተኮስ ነው። አንደኛው ጠመንጃውን ጥይት አጉርሶ ከመሪው ላይ እንደሚያጋድመው ነግሮኛል። እኔ ዜግነት ገና ያላገኘሁ ሰው ስለሆንኩ ከሕግ ጋር የሚያነካካ ነገር አልፈልግም። ይህ የተፈቀደ ነው ወይ? (ከአውሮራ)

መልስ፦ መጠርጠርዎ ልክ ነው። ከነገሩዎት ውስጥ አንዱ በግልጽ የተከለከለ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ከክልከላው አፋፍ ላይ የቆመ ነው።

ከጠመንጃው እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። የኮሎራዶ ሕግ በመኪናና በኤቲቪ መካከል ልዩነት ያደርጋል። በመኪና ሲጓዙ ጠመንጃው ጥይት ያልጎረሰ ከሆነ፣ በካዝናው ውስጥ ጥይት መኖሩ ብቻውን አያስጠይቅም። በኤቲቪ ላይ ግን ካዝናውም ባዶ መሆን ይገባዋል፤ በዚህም ሳያበቃ ጠመንጃው ሙሉ በሙሉ በሚዘጋ ማኅደር ውስጥ፣ ማኅደሩ ደረቅም ይሁን የጨርቅ፣ ገብቶ መቀመጥ አለበት። አፉ ክፍት የሆነ፣ ጠመንጃውን እንደ ሰይፍ መዘዝ የሚያደርጉበት አፎት መሰል መያዣ በመደብር ቢሸጥም በደንቡ አይፈቀድም። ሽጉጥ በዚህ ደንብ ውስጥ አይካተትም፤ በገዛ መሬታቸው ላይ ጉዳት የሚያደርስ አውሬ ለሚከላከሉ ባለመሬቶችም የተለየ አንቀጽ አለ፤ ሁለቱም ግን እርስዎን አይመለከቱዎትም። ስለዚህ ባልደረባዎ ከመሪው ላይ ያጋደመው ጠመንጃ፣ አንድም ጥይት ባይተኮስበት እንኳ፣ ተቆጣጣሪ ባየው ሰዓት የሚያስቀጣ ነው። ከቅጣቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሞተሩ ከድንጋይ ላይ ዘሎ በወረደ ቁጥር አፈሙዙ ከጎን ወደሚነዳው ሰው ይዞራል።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ከተሽከርካሪ ላይ ሆኖ መተኮስ፣ በተሽከርካሪ እንስሳን ማሳደድ፣ መንዳት ወይም ማወክ ክልክል ነው። ከወረዱ በኋላም ቢሆን ጠመንጃ የያዘ አዳኝ ከሕዝብ መንገድ መካከለኛ መስመር ቢያንስ 50 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ያህል፣ ርቆ መቆም ያለበት ሲሆን፣ መንገዱን አቋርጦም ሆነ በመንገዱ ርዝመት መተኮስ አይችልም። እንግዲህ አንድ ሰው በተፈቀደ መንገድ ላይ ሲሄድ ኤልክ አይቶ ሞተሩን ቢያጠፋ፣ ወርዶ ርቀቱን ጠብቆ ቢቆም፣ ከዚያም ጠመንጃውን ከማኅደሩ አውጥቶ ቢያጎርስ በሕጉ ቃል ላይወድቅ ይችላል። ይህን ሁሉ እስኪያደርግ ድረስ ቆሞ የሚጠብቅ ኤልክ ግን እኔ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ቀኑን ሙሉ መንገድ ለመንገድ ሲዞሩ የሚውሉ ሰዎች ለማትረፍ የሚሞክሩትም እነዚያን ደቂቃዎች ነው፤ ሕጉን የሚጥሱትም እዚያው ላይ ነው።

የቀረው የት መንዳት እንደሚቻል ነው። በብሔራዊ ደኖች ውስጥ ሞተር እንደ ልብ ከመንገድ የሚወጣበት ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን፣ በ1977 ደግሞ ፕሬዚዳንት ካርተር ባወጧቸው ትእዛዞች የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከመንገድ ውጪ የሚነዱ ተሽከርካሪዎችን በየቦታው እንዲወስኑ ተደርጓል። በ2005 የደን አገልግሎቱ ባወጣው ደንብ መሠረት ደግሞ እያንዳንዱ ብሔራዊ ደን የትኛው መንገድ ለየትኛው ተሽከርካሪ፣ በየትኛው ወቅት ክፍት እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ ያወጣል። ካርታው በነፃ ይታደላል፤ በስልክም ይጫናል። ሥዕል የበዛበትና የሚያምር ካርታ አይደለም፤ ዋናው ቁም ነገሩ ግን በላዩ ያልተመለከተ መንገድ፣ መሬት ላይ የጎማ ዱካ ቢታይበትም፣ ለሞተር ዝግ መሆኑ ነው። «ሰዎች ሲያልፉበት አይቼ ነው» የሚለው ምክንያት ተቆጣጣሪ ፊት አይሠራም። «ዊልደርነስ» ተብሎ በ1964ቱ ሕግ በተከለለ ጥብቅ ዱር ውስጥ ደግሞ ሞተር ቀርቶ ሥጋ የሚጎተትበት ባለጎማ ጋሪ እንኳ አይገባም።

ሞተሩ ራሱም የግዛቱን የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ተለጣፊ ምዝገባ ይፈልጋል። ዋጋው በዓመት 25.25 ዶላር ሲሆን፣ ዘመኑ ከኤፕሪል 1 ጀምሮ እስከ ማርች 31 ይቆጠራል። በአስፋልት የሕዝብ መንገድ ላይ መንዳት፣ ካውንቲው ወይም ከተማው በራሱ ደንብ ካልፈቀደ በስተቀር፣ አይቻልም። ከግል መሬትም ይጠንቀቁ፤ በኮሎራዶ ባለመሬቱ አጥር የማጠር ወይም ምልክት የመለጠፍ ግዴታ ስለሌለበት፣ ምልክት አለማየትዎ ፈቃድ እንዳገኙ አያስቆጥርልዎትም።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጓደኞቼ ጋር በኤቲቪ እየወጣን አንድም ኤልክ ሳናይ ተመልሰናል። ጓደኞቼ እንስሳቱ የሞተር ድምፅ ስለለመዱ አይፈሩትም ይላሉ። በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ግን እኛ በምንሄድበት አካባቢ ሲያገኙ እናያለን። ጥፋቱ የእኛ ነው ወይስ የዕድል ነገር ነው? (ከዴንቨር)

መልስ፦ ዕድልን ከመውቀስዎ በፊት ሞተሩን ቢመረምሩ ይሻላል። ይህ ጥያቄ በግምት ብቻ የሚመለስ አይደለም፤ ተለክቷል። በሰሜን ምሥራቅ ኦሪገን፣ ላ ግራንድ ከምትባለው ከተማ አቅራቢያ፣ ስታርኪ የሚባል የምርምር ደን አለ። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ ደን ኤልክ በማይዘለው ረጅም አጥር የተከበበ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት እንስሳት አንገት ላይ ቦታቸውን የሚናገር መሣሪያ ታስሮ እንቅስቃሴያቸው ይመዘገባል። ተመራማሪዎቹ በአንድ ዓይነት መንገዶች ላይ አራት ዓይነት መንገደኞችን በየተራ አሰማሩ፤ ኤቲቪ የሚነዱ፣ የተራራ ብስክሌት የሚጋልቡ፣ በእግር የሚሄዱና በፈረስ የሚሄዱ። ኤልኮቹ ከአራቱም ሸሽተዋል፤ ርቀው የቆሙት ግን ከኤቲቪው ነው። ከመንገዱ ገለል ብለው ከዓይን በተሰወረ ቦታ የመዋል ልማድም አሳይተዋል።

የጓደኞችዎ አባባል በከፊል እውነትነት አለው። በመኪና መንገድ ዳር የሚግጥ ኤልክ የሚያልፍ ተሽከርካሪን ቀና ብሎ አይቶ ወደ ግጦሹ ሊመለስ ይችላል፤ በፓርክ ውስጥ ይህን ያላየ ሰው የለም። በአደን ወቅት ግን የሚፈራው የሚያልፈውን ድምፅ ሳይሆን የሚቆመውን ነው። ሞተር መጣ፣ ዝግ አለ፣ ጠፋ፤ ከዚያ የሰው ጠረን መጣ። ጥይት ሲጮህ ሁለትና ሦስት ወቅት ያሳለፈች እናት ኤልክ ይህን ቅደም ተከተል ታውቀዋለች፤ መንጋውንም የምትመራው እርሷ ናት።

የራሴን ልናገር። በመጀመሪያው ዓመቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተን፣ ሣር ያለበት ሜዳ ዳር ድረስ በሞተር ደርሰን፣ ብርሃን እስኪወጣ ጥንድ ድንጋይ መስለን ተቀመጥን። ሲነጋ በሜዳው ላይ ያገኘነው የተጋደመ ሣርና ገና እንፋሎቱ ያልጠፋ እበት ብቻ ነበር። መንጋው እዚያው ተኝቶ ነበር፤ ያባረርነው እኛ ነን። በሚቀጥለው ዓመት ሞተሩን ከዚያ ሜዳ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ቀድመን፣ ከኮረብታው ወዲህ ማዶ አቁመን በእግር ሄድን። ይህ ማለት የሌሊቱን እንቅልፍ በአንድ ሰዓት ማሳጠር ማለት ነው፤ ውጤቱ ግን ማቀዝቀዣችን ውስጥ ገባ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ኤቲቪውን ከድንኳን እስከ መንገዱ መጨረሻ ድረስ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ከሚያድኑበት ቦታ ጋር ቢያንስ አንድ ጋራ ይለያያችሁ። ጎሕ ሳይቀድ ይድረሱ፤ ከቆመ በኋላም እስከ እኩለ ቀን አያስነሡት። የነፋሱን አቅጣጫ ይመልከቱ፤ ቤንዚንና የማርሚታ ጭስ ከልብስ ላይ ቶሎ አይለቅም፤ ኤልክ ደግሞ ከዓይኑም ከጆሮውም በላይ አፍንጫውን ያምናል። በመንገድ ላይ በእግሩ የሚሄድ አዳኝ ካጋጠማችሁ ዝግ ብላችሁ እለፉ፤ ለሁለት ሰዓት የደከመበትን ጠዋት በሁለት ደቂቃ ልታጠፉበት ትችላላችሁና።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አዳኝ ነው። ቤታችን የሚገባው ሥጋ «በስመ አብ» ተብሎ የተባረከ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ እርሱም ይህን ስለሚያውቅ፣ ኤልኩ ተመትቶ ሲወድቅ ነፍሱ ሳትወጣ ለመድረስ ብሎ ኤቲቪውን ከመንገድ አስወጥቶ በሜዳው ላይ ይፈተለካል። ባለፈው ዓመት ሊገለበጥ ነበር። ሥጋውንስ ለማምጣት ከመንገድ መውጣት አይፈቀድም ወይ? ምን ብዬ ልምከረው? (እኅታችሁ፣ ከአውሮራ)

መልስ፦ እኅታችን፣ የሃይማኖቱን ጉዳይ ለንስሐ አባታችሁ እተወዋለሁ። ኤልክ የሚያመሰኳና ሰኮናው የተሰነጠቀ መሆኑን ብቻ ብናገር ይበቃኛል፤ አዳኙ ከመተኮሱ በፊት ቢባርክ ይበቃ እንደሆነ እርሳቸውን መጠየቅ ይገባል። ሙስሊም ጓደኞቼ ቃታውን ከመሳባቸው በፊት «ቢስሚላህ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላም ለሩጫ ሲቸኩሉ አላየኋቸውም።

የአደኑን ጉዳይ ግን መናገር እችላለሁ፤ ባለቤትሽ መቸኮሉ ራሱን ነው የሚጎዳው። የተመታ ኤልክ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሮጦ ይተኛል። ካልተረበሸ እዚያው ይሞታል፤ ሞተር እየጮኸ ከመጣበት ግን ተነሥቶ በቀረው ኃይል ወደ ገደል ወይም ወደ ጥቅጥቅ ደን ይገባል፤ ያኔ መባረኩም ሥጋው መገኘቱም ይቀራል። ልምድ ያላቸው አዳኞች ከተኮሱ በኋላ በቆሙበት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያሉ፤ እንስሳው የቆመበትን ቦታ በዛፍ ወይም በድንጋይ ምልክት ይይዛሉ፤ ከዚያ የደሙን ዱካ ይዘው በእግር ይሄዳሉ። ነፍሱ ያልወጣች ኤልክ ዘንድ ቢላ ይዞ መቅረብ ደግሞ በሬ እንደ መጣል አይደለም፤ በቀንዱም በሰኮናውም ሰው ይገድላል። ሁለተኛ ጥይት ለእርሱም ለእንስሳውም የተሻለ ምሕረት ነው።

ሥጋውን ለማንሣት ከመንገድ መውጣትን በተመለከተ፣ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የ2005 ደንብ ለእያንዳንዱ ደን ኃላፊዎች አንድ በር ትቶላቸዋል። በተወሰኑ መንገዶች ዳር፣ በተወሰነ ርቀት፣ የወደቀ ትልቅ እንስሳን ለማንሣት ብቻ ሞተር ከመንገድ እንዲወጣ ሊፈቅዱ ይችላሉ። ይህ ፈቃድ ካለ በካርታው ላይ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ከአደኑ በፊት ካርታውን አብራችሁ ተመልከቱ፤ ከሞተሩ ብዙ ርቆ ከመተኮሱም በፊት «ይህን በጀርባዬ ማውጣት እችላለሁ ወይ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የሚበላ ሥጋን ጥሎ መሄድ በኮሎራዶ ወንጀል ነው፤ «ሩቅ ስለነበረ» የሚል ምክንያትም አያድንም።

እንዴት ይወጣል ካልሽኝ፣ እንደ ገና በሬ ብልት በብልት ሆኖ ነው። ኮርማ ኤልክ ከነሕይወቱ 300 ኪሎ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ሙሉውን መጎተት ለሰውም ለሞተርም ከንቱ ድካም ነው። በወደቀበት ቆዳውን ገፍፎ፣ ሁለቱን ታፋና ሁለቱን ወርች አውጥቶ፣ ሽንጡን፣ የአንገቱንና የጎድኑን ሥጋ ለይቶ፣ አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት አድርጎ በጥላ ስር ይሰቅላል። አንዱ ታፋ ከነአጥንቱ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል አንድ ጎበዝ በአንድ ጉዞ የሚችለው አንዱን ነው። እንስሳው ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚያሳየው የአካል ክፍል ከሥጋው ሳይለይ እንደተያያዘ መቅረት አለበት፤ የፈቃዱ ወረቀትም እንስሳው እንደወደቀ ተቆርጦ፣ ተፈርሞና ቀኑ ተጽፎበት፣ ሥጋው ተሽከርካሪ ላይ በሚጫንበት ጊዜ ከሥጋው ጋር ሊታሰር ይገባል። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የሚያየው እነዚህን ሁለቱን ነው።

አሁን ሞተሩ ወደ ሥራው ይመጣል። በብዙዎቹ ትላልቅ ኤቲቪዎች የፊተኛው ፖርቶ መጋላ 45 ኪሎ ያህል፣ የኋለኛው ደግሞ 90 ኪሎ ያህል ይችላል፤ ትክክለኛው ቁጥር በራሱ በሞተሩ ላይ ተለጥፏል። ባለቤትሽ ሊገለበጥ የነበረውም፣ ገምቼ ከሆነ ይቅርታ፣ ጭነቱን ሁሉ ከኋላ ከፍ አድርጎ በመጫኑ ሊሆን ይችላል። ከባዱን ሥጋ ዝቅ አድርጎ፣ ከፊትና ከኋላ ተከፋፍሎ፣ አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል። ሁለት ጉዞ ቢሆን ምን አለበት? ከሥጋው በታች ሸራ ይነጠፍ፤ ማርሚታው አጠገብ የተሰቀለ ታፋ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ከውጭ ይበስላል፣ አቧራውም ይለጠፍበታል።

አንድ ነገር በተለይ አስጠንቅቂው። እንስሳውን በገመድ ሊጎትት ከፈለገ ገመዱን ከፖርቶ መጋላው ላይ ፈጽሞ አይሰር፤ ከኋላ በታች ካለው የመጎተቻ መንጠቆ ብቻ ይሁን። ገመዱ ከፍ ካለ ቦታ ታስሮ ዳገት ሲወጣ ጭነቱ ጉቶ ቢይዘው፣ የሞተሩ ኃይል ፊቱን ወደ ላይ ያነሣና ሞተሩን በጀርባው በነጂው ላይ ይገለብጠዋል። ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ የሆነ ብረት ደረት ላይ ሲያርፍ፣ ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ውስጥ፣ የሚረዳ ሰው አይገኝም።

ጥያቄ፦ አንድ ጎረቤቴ ባለሦስት ጎማ አሮጌ ሞተር በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ሞተሩ ጥሩ ይሠራል። ለአደን ይሆነኛል? አሥራ አራት ዓመት የሆነውን ልጄንም ከኋላዬ ላስቀምጠው አስባለሁ። (ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ)

መልስ፦ አይግዙት። የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ እ.ኤ.አ. በ1970 ሆንዳ ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው ባለሦስት ጎማ ነው። ባለአራት ጎማውን ሱዙኪ በ1982 አመጣው። ባለሦስት ጎማው ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላለው፣ የኋላ አክስሉም ዲፈረንሻል የሌለውና ሁለቱን ጎማዎች እኩል የሚያዞር ስለሆነ፣ ሲታጠፉ ሰውነትዎን በትክክለኛው ሰዓት ወደ ትክክለኛው ጎን ካላዘነበሉ ይጥልዎታል። በአደጋው ብዛት ምክንያት አምራቾቹ በ1988 ከመንግሥት ጋር በተደረገ የፍርድ ቤት ስምምነት አዳዲሶቹን መሸጥ አቆሙ፤ በ2008 ደግሞ አዲስ ባለሦስት ጎማ ማስገባትና መሸጥ በሕግ ተከለከለ። የጎረቤትዎ ዕቃ እንግዲህ ዕድሜው ከልጅዎ ዕድሜ ሁለት እጥፍ በላይ ሳይሆን አይቀርም።

ልጅዎን ከኋላ ማስቀመጡን ደግሞ ባለአራት ጎማ ቢገዙም ይተዉት። ለአንድ ሰው የተሠራ ኤቲቪ መቀመጫው የረዘመው ነጂው ዳገት ላይ ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ፣ አግድመት ሲሄድ ወደ ዳገቱ ጎን እንዲንሸራተት ነው። ነጂው ራሱ የሚዛኑ አካል ነው ማለት ነው። ከኋላው ሰው ሲቀመጥ መንቀሳቀሻው ይጠፋል። ሁለት ሰው ለመውሰድ ጎን ለጎን የሚያስቀምጡ፣ ቀበቶና የብረት ከለላ ያላቸው አሉ፤ ዋጋቸው ግን ሌላ ነው፤ ሰፊ በመሆናቸውም ካርታው ላይ የስፋት ገደብ ባለባቸው መንገዶች አይገቡም።

በተረፈ፣ ሕግ ቢያስገድድዎትም ባያስገድድዎትም ሄልሜት ያድርጉ፤ አደን ቦታ ሲደርሱ አዳኞች ከሩቅ እንዲታዩ በሚያደርጉት ብርቱካናማ ቆብ ይለውጡታል። የጎማውን አየር በብርድ ጠዋት ይለኩ፤ የእነዚህ ጎማዎች ግፊት ከመኪና ጎማ እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ የብርዱ ቅናሽ ብቻውን መሪውን ያጣምመዋል። ከፍታም ሞተሩን ያደክመዋል፤ በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚቀንስ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ አውሮራ የሞከሩት ዳገት ያው ዳገት አይሆንም። እኛ አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች በከፍታ አንታማም፤ ካርቡሬተር ግን አዲስ አበባ አላደገም።

ጥያቄ፦ አባቴ በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ፤ አሁን ጉልበታቸው ታሞ መራመድ አይችሉም። ከኤቲቪው ላይ ሆነው እንዲተኩሱ የሚፈቀድበት መንገድ አለ? (ከዴንቨር)

መልስ፦ አለ። የግዛቱ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የመንቀሳቀስ ችግር ላለባቸው አዳኞች ልዩ ፈቃድ ይሰጣል፤ ማመልከቻው የሐኪም ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ ከወቅቱ ብዙ ቀደም ብላችሁ ጀምሩት። ፈቃዱ ቢሰጥም ሞተሩ ቆሞ፣ ጠፍቶ፣ ከሕዝብ መንገዱም ውጪ ሆኖ መሆን አለበት፤ እየነዱ መፈለግን ወይም ከተዘጋ መንገድ መግባትን አይፈቅድም። ለአባትዎ ጠዋትና ማታ እንስሳት ወደ ውሃ የሚወርዱበት ቦታ ዳር ምቹ ወንበር ማዘጋጀቱ ግን፣ ከፈቃዱም ከሞተሩም በላይ ሊያስደስታቸው ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔ በአገር ቤት ሳለሁ በባሌ ደጋ ለአጋዘን አደን የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎችን በፈረስ ስመራ ነበር። እዚህ ሰው ሁሉ ሞተር ላይ ነው። ለምን በፈረስና በበቅሎ አይጠቀሙም? ከተጠቀምኩስ ያዋጣኛል? (ከግሪሊ)

መልስ፦ ይጠቀማሉ እንጂ፤ እርስዎ ያላዩዋቸው እነርሱ ያሉበት ሞተር ስለማይደርስ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ ያለው ፍላት ቶፕስ የተባለ ጥብቅ ዱር፣ በዚህች ግዛት ትልቁ የኤልክ መንጋ በሚገኝበት አካባቢ፣ የበቅሎ አገር ነው። በስታርኪው ምርምርም ኤልኮቹ ከፈረሰኛ የሸሹት ከሞተረኛ ያነሰ ነበር።

ለሚያውቅበት ሰው ጥሩ ነው፤ እርስዎ ደግሞ የሚያውቁበት ሰው ነዎት። ያለ ልምድ በቅሎ ተከራይቶ ተራራ ከሚወጣ ሰው ይልቅ ግን ሞተሩን መንገድ ዳር አቁሞ በእግሩ የሚሄደው ይሻለኛል። ወጪውን ካሰቡ፣ እንስሳ ገዝተው ዓመቱን ሙሉ ከመቀለብ ለአደኑ ሳምንት ብቻ ቢከራዩ ይቀላል፤ የሚመራዎትንና የሚያከራይዎትን ድርጅት በግዛቱ የተመዘገበ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። በብሔራዊ ደኖች ውስጥ የሚቀርበው ድርቆሽ የአረም ዘር የሌለበት መሆኑ የተረጋገጠ መሆን ስላለበት፣ ማሰሪያው ላይ ያለውን ምልክት ሳያዩ አይግዙ።

ጭነቱን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ታፋ ከታፋ፣ ወርች ከወርች አመዛዝኖ በመጫኛ ማሰር ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የዚህ አገር የኪራይ በቅሎ ጭነት የለመደች ብትሆንም የኤልክ ደም ጠረንና ከኮርቻዋ ላይ የሚወዛወዝ ቀንድ ያስደነብራታል። ከመጫንዎ በፊት የሥጋውን ከረጢት በእርጋታ አስሸትተው፣ ዓይኗን በጃኬት ሸፍነው፣ ቀንዱን በመጨረሻ፣ ጫፉ ወደ ሆዷ እንዳይዞር አድርገው ይሰሩ። አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ሁለቱን ታፋዎች ቀኑን ሙሉ ከሸለቆ ለሸለቆ ስለቅም ውያለሁ።